ሪባኑ ደርሶናል፣ ስማቸውስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በየዓመቱ ኅዳር 16፣ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት የሚወገዝበት ቀን ሲደርስ ደረታችን ላይ ነጭ ሪባን እንሰካለን። መሥሪያ ቤቶች ቲሸርት ያሳትማሉ፣ የሆቴል አዳራሽ ይከራያሉ፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ሻይና ኩኪስ ይቀርባል፣ ፎቶ እንነሳለን። እስከ ታኅሣሥ 1 ድረስ «16ቱ ቀናት» እየተባለ ይቆይና ሪባኑ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። እኔም ከሚሰኩት አንዷ ነኝ፣ ስለዚህ እያፌዝኩ አይደለም። ግን ይህ ሪባን ከየት እንደመጣ በአዳራሹ ውስጥ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

የመጣው ከካናዳ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1989፣ በእኛ ኅዳር 27 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ሞንትሪያል ከተማ ኢኮል ፖሊቴክኒክ የሚባል የምህንድስና ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ወጣት መሣሪያ ይዞ ገባ። አንድ ክፍል ውስጥ ወንዶቹን ከሴቶቹ ለይቶ አስወጣቸው። ሴቶቹ ላይ ተኮሰ። ከዚያም በየኮሪደሩ እየዞረ ቀጠለ። በዚያ ቀን 14 ሴቶች ሞቱ፤ 12ቱ የምህንድስና ተማሪዎች፣ አንዷ የነርስነት ተማሪ፣ አንዷ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቂት የካናዳ ወንዶች ተሰባስበው ነገሩ እኛንም ይመለከታል፣ ዝም አንልም ብለው ነጭ ሪባን ማድረግ ጀመሩ። ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ የደረሰው ያ ሪባን ነው።

እዚያ ግን በሪባን ብቻ አልቆመም። ሞንትሪያል ውስጥ በዕለቱ የተሰየመ አደባባይ አለ፣ የ14ቱም ስም ተቀርጾበታል። በየዓመቱ በዚያ ምሽት ከሞን ሮያል ተራራ ላይ 14 የብርሃን ጨረሮች ወደ ሰማይ ይለቀቃሉ፣ ለእያንዳንዷ አንድ። በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ ባለችው ቫንኩቨር ደግሞ ቶርንተን ፓርክ ውስጥ 14 የሮዝ ግራናይት አግዳሚ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ላይ የአንዷ ስም አለ። እኛ ጋ ሪባኑ መጣ። የራሳችንን ሟቾች ስም የምናስቀምጥበት ቦታ ግን እስከ ዛሬ የለንም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቦታው ይኑረን ለማለት ነው።

ሐውልት ይቁም እያልኩ አይደለም። ሐውልት ሲባል ወዲያው የመሠረት ድንጋይ፣ ኮሚቴ፣ ጨረታ፣ መጋረጃ የሚገልጥ እንግዳ ይመጣል፣ ከዚያ አጥር ይታጠርና ዘበኛ ይቆማል። እኔ የምፈልገው ሰው ቀረብ ብሎ አበባ የሚያኖርበት፣ የፈለገ ጧፍ የሚያበራበት፣ የፈለገ ዱአ የሚያደርግበት፣ እናት መጥታ የልጇን ስም በጣቷ የምትዳስስበት ቦታ ነው።

ለሰው ሳወራው መጀመሪያ የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው። «መጀመሪያ ፍትሕ ይምጣ እንጂ መታሰቢያ ምን ያደርጋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕጉ ራሱ ገና ብዙ ይቀረዋልና። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ ይፈቅድለት ነበር። ያንን ለማስቀየር የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ዓመታት ለፍተዋል። አርሲ ውስጥ ተጠልፋ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችው የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይም አገሩን ሁሉ ያነጋገረው በዚያ ጊዜ ነው። አዲሱ የ1996ቱ ሕግ ያንን ማምለጫ ዘጋው። ግን ይኸው ሕግ ዛሬም አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲሆን ነው። ባል ሚስቱን ቢያስገድድ አንቀጽ 620 አይመለከተውም።

ስለዚህ ፍትሕ ይምጣ፣ በደንብ ይምጣ። ነገር ግን ፍትሕና መታሰቢያ ወረፋ የሚጠባበቁ ነገሮች አይደሉም። ሜክሲኮ ውስጥ ሲውዳድ ኋሬስ የሚባል ከተማ አለ፣ ከአሜሪካ ድንበር አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የጥጥ እርሻ የነበረ ባዶ መሬት ላይ የ8 ሴቶች አስከሬን ተገኘ። ፖሊስ በቅጡ አልመረመረም። ሲጠፉ ለማመልከት የሄዱ እናቶችን ከወንድ ጋር ሄዳ ይሆናል እያለ ይመልሳቸው ነበር (እንዲህ ያለ መልስ እዚህም የምናውቀው ነው)። የሦስቱ ቤተሰቦች ጉዳዩን እስከ አሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ በ2009 መንግሥትን ጥፋተኛ ሲያደርግ ምርመራው እንዲቀጥል፣ ካሳ እንዲከፈል፣ በአደባባይ ኃላፊነት እንዲወሰድ አዘዘ። ከነዚሁ ጋር አንድ ላይ፣ በዚያው ፍርድ ውስጥ፣ ለሟቾቹ መታሰቢያ እንዲቆም አዘዘ። አዎ፣ ዳኞች ናቸው ያዘዙት። የካሳው አካል አድርገው ነው ያዩት።

በነገራችን ላይ ሜክሲኮዎች ሙታንን የሚያስቡበት ወግ ከእኛ ዝክር ብዙም አይርቅም። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛ ያስጌጡና የሟቹን ፎቶ፣ ሻማ፣ ደማቅ ቢጫ አበባ፣ ዳቦና በሕይወት ሳለ የሚወደውን ምግብ ያስቀምጣሉ። ሴቶቹ ይህንን የቤት ወግ አደባባይ አወጡት። ለተገደሉ ሴቶች በየአደባባዩ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፣ ኋሬስ ውስጥ ደግሞ ሮዝ ቀለም የተቀባ መስቀል ይተክላሉ። ሜክሲኮ ሲቲ ላይማ ከዚህም አልፈው ሄዱ። የኮሎምበስ ሐውልት ከተነሳበት አደባባይ ላይ በ2021 የራሳቸውን ወይን ጠጅ ቀለም ያላት የሴት ምስል አቆሙ፣ ዙሪያውን ባለው የብረት አጥር ላይ ስም በስም ጻፉበት። ፈቃድ አልጠየቁም። እኛ ጋ እንዲህ ቢሞከር ጠዋት ላይ አጥሩም ጸሐፊዋም የሚኖሩ አይመስለኝም፣ ስለዚህ ይሄንን ኮርጁ አልልም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። አንዲት ሴት በባሏ ወይም በእጮኛዋ እጅ ስትሞት ሰፈር ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል። የእድሩ ወንበርና ድስት ይወጣል። ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ወጥ ይሠራሉ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ሰው «ግን ምን አድርጋው ይሆን?» ይላል። በቃ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምትመረመረው ሟቿ ትሆናለች። ስልኳ፣ አለባበሷ፣ ሥራ ቦታዋ፣ ስንት ሰዓት እንደምትገባ። ቀጥሎ ሽማግሌ ይመጣል፣ የሞተች ላትመለስ የልጆቹን አባት ለምን እስር ቤት ታበሰብሳላችሁ ይላል። አርባዋ ይወጣል። ሰማንያዋን የሚያስበው እየሳሳ ይሄዳል፣ ሙት ዓመቷን የምታስታውሰው እናቷ ብቻ ናት። የእኛ ሰፈር ውስጥ ባሏ የገደላት ጎረቤቴ ልጆቿ ክፍለ ሀገር አያታቸው ጋ ተወሰዱ፣ ቤቱ ተከራየ፣ አዲሶቹ ተከራዮች እዚያ ቤት ምን እንደተፈጸመ አያውቁም። የነገራቸው ሰው የለም፣ ነውር ነውና።

ፌስቡክ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ እሳት ነን። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመሄድ ታክሲ ተሳፍራ የተጠለፈችው የ16 ዓመት ልጅ ስትሞት አገሩ ሁሉ ፎቶዋን ፕሮፋይል አደረገ። ባሕር ዳር ውስጥ የተገደለችው የ7 ዓመት ሕፃን ጉዳይ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሲሰማ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የፊርማ ማሰባሰቢያ ላይ ፈረመ። ቁጣው ከልብ ነበር፣ አልጠራጠርም። ታዲያ ከሁለት ሳምንት በኋላ የት ሄደ? አዲስ ወሬ መጣ፣ ፕሮፋይሉ ተቀየረ። ቁጣው የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለው ይተናል። የእነዚህን ልጆች ስም እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ቤተሰቦቻቸውን አልጠየቅኩማ። እዚህ ጉዳይ ላይ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

አንዳንዱ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ ነው ይላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸውና ትዳር ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸው እንደሚያውቅ ያሳያል። ሦስት ሆነን ቡና ስንጠጣ አንዳችን ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ግን ሌላኛው ቁጥር ነው። በዚያው ጥናት 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት ይኖረዋል ብለው መልሰዋል፣ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ድንኳን ጥግ ላይ «ምን አድርጋው ይሆን» የምትለው ብዙ ጊዜ ሴት መሆኗ ከዚህ ጋር የሚገናኝ ይመስለኛል። ሴትን ከአህያ ጋር አጣምሮ ዱላ የሚያዝላት ተረት እየሰማን አይደል ያደግነው?

ለዚህ ሁሉ አርአያ ፍለጋ ካናዳ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ነበረልን። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው። የተማሪ ፎቶ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ አፍሮ ያበጠሩ ልጆች፣ ልጃገረዶችም አሉበት። እዚያ የገባ ሰው ቀይ ሽብርን በቁጥር አያስብም፣ በፊት ነው የሚያስበው። ያ ቦታ የተገኘው ቤተሰቦች ተሰባስበው ዓመታት ስለታገሉለት ነው፣ 2002 ዓ.ም. ላይ ተከፈተ። ልጆቿን የተነጠቀች እናት ናት በሩን የከፈተችው። ልጆቻቸው በፖለቲካ የሞቱባቸው እናቶች ይህን ማድረግ ከቻሉ ልጆቻቸው በትዳር የሞቱባቸው ለምን አይችሉም? ልዩነቱ አንድ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ በልጆቻቸው አያፍሩም ነበር። ሁለተኞቹን እኛ እንዲያፍሩ አደረግናቸው።

ቦታው የት ይሁን? አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ስንት አዲስ መናፈሻ፣ ስንት የእግረኛ መንገድ፣ ስንት አግዳሚ ወንበር ሠርታለች። ደስ ይላል፣ ማታ ማታ ልጆች ይጫወቱበታል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ጥግ ብቻ ነው የምንጠይቀው። የቫንኩቨሩን የወደድኩት ለዚህ ነው። ወንበር ስለሆነ ሰው ይቀመጥበታል፣ ምሳ ይበላበታል፣ ስልክ ያወራበታል፣ ከዚያ ቀና ሲል ስም ያነባል። በዓመት አንዴ የአበባ ጉንጉን ተሸክሞ የሚኬድበት ቦታ አይደለም። አዲስ አበባ ብቻ መሆንም የለበትም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ መቀሌም፣ ድሬዳዋም የየራሳቸው ሟቾች አሏቸው።

አሁን አከራካሪው ነገር ድንጋዩ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ነው። ሞንትሪያል ላይ መጀመሪያ የተተከለው ጽሑፍ ስለ አንድ አሳዛኝ ክስተት ያወራ ነበር። ጎርፍ ወይም የመኪና አደጋ ነው እንዴ? በ2019፣ ከግድያው 30 ዓመት በኋላ፣ ከተማው ጽሑፉን ቀየረና 14 ሴቶች በጸረ ፌሚኒስት ጥቃት፣ ማለትም የሴቶችን እኩልነት በሚጠላ ጥቃት መገደላቸውን በግልጽ ጻፈ። 30 ዓመት ፈጀባቸው! ቫንኩቨር ላይም መታሰቢያው በወንዶች ለተገደሉ ሴቶች ሁሉ ነው ስለሚል ገና ከመቆሙ ወንዶችን ያስቀይማል ተብሎ ብዙ ውዝግብ ተነስቶበት ነበር። አዘጋጆቹ ግን አልነኩትም፣ እንዳለ ቆመ። እኛም ጋ ይህ ውዝግብ መምጣቱ አይቀርም። ከአሁኑ የራሴን አቋም ልናገር። «በተለያየ ምክንያት ሕይወታቸው ላለፈ እህቶቻችን» የሚል ድንጋይ ከሚቆም ምንም ባይቆም ይሻለኛል።

እዚህ ላይ እናንተንም ሳልነካ አላልፍም። ጋዜጦቻችን የወንጀል ዜና ሲጽፉ «በቅናት ተነሳስቶ» የምትለዋን ሐረግ ለምን ይወዷታል? ገዳዩ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ነው፣ ዜናው ውስጥ ሲገባ ግን ምክንያት ይሆናል። አንባቢው ወዲያው ታዲያ ምን አይታ፣ ከማን ጋር እያለ ማሰብ ይጀምራል። ሟቿ ቃሏን አልሰጠችም። ቢያንስ ምን ትሠራ እንደነበረ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደገች፣ ከዚያ በፊት ለማን አቤት ብላ እንደነበረ አንድ መስመር ጨምሩ። የገዳዩን ስም ደግሞ መታሰቢያው ላይ ማየት አልፈልግም። እሱ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አለ፣ ይበቃዋል።

የሟቾቹን ስም በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ድርድር አላውቅም፤ ቤተሰብ ሳይፈቅድ ስም አይወጣም። እናት አይሆንም ካለች አይሆንም። የሟቿ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱ ከሆነ የእናታቸውን ስም አደባባይ ላይ ማየት ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል የሚለውን አያታቸው ወይም አሳዳጊያቸው ነው የሚያውቀው። የአባት ስም ሳይጻፍ የራሷ ስምና ዕድሜዋ ብቻ መጻፍም ይቻላል። ስም የሌላቸው ወንበሮችም ይኑሩ። በሰሜኑ ጦርነት በትግራይም፣ በአማራም፣ በአፋርም ሴቶች ተደፍረዋል፤ የትግራዩን ጉዳይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባወጡት የጋራ ሪፖርት መዝግበውታል። ከተደፈሩት ሴቶች ውስጥ በሕይወት ያሉት ብዙዎቹ ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም፣ እውነታቸውን ነው። ግን ስም ስላልተጠራ ቦታ አይገባቸውም ማለት አይደለም። ደግሞ ይህ መታሰቢያ የእገሌ ወገን ሴቶች፣ የእገሌ ወገን ሴቶች እየተባለ የሚከፋፈል ከሆነ ከወዲሁ ይቅር።

ከአረብ አገር በሳጥን የሚመለሱትንም እንዳንረሳ። ቤሩት ውስጥ በ2004 ዓ.ም. ቆንስላ ደጃፍ ላይ እየተጎተተች በቪዲዮ ያየናት እህታችን ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ስንቶች ናቸው ቪዲዮ ያልተቀረጸላቸው? ቦሌ ካርጎ በር ላይ ቆሞ አስከሬን የተረከበ ቤተሰብ ስሟን የት ወስዶ ያስቀምጥ?

ሃይማኖት ያጋጫል ለሚሉኝ፣ አይመስለኝም። የአንዱን ሃይማኖት ምልክት ብቻ ካላስቀመጥንበት ምን ያጋጫል? ኦርቶዶክሷ ጧፍ ታብራ፣ ሙስሊሟ ዱአ ታድርግ፣ ጧፍ የማታበራዋ ጴንጤ ጎረቤቴ አበባ ይዛ ትምጣ። ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ድንኳን ሥር ስንቀመጥ መቼ ተጋጭተን እናውቃለን?

ማን ያስተዳድረው ለሚለው፣ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ቢሰጥ ሹም በተቀየረ ቁጥር ይቀያየራል ብዬ እፈራለሁ። ቤተሰቦች፣ የሴቶች ማኅበራትና እድሮች ቢይዙት ይሻላል። እድር ያልኩት እንዲሁ አይደለም። የሞተ ሰው ስም መዝግቦ መያዝ፣ ገንዘብ ማዋጣት፣ ድንኳን መትከልና ሰው መጥራት ላይ ከእድር የሚበልጥ ድርጅት ይህች አገር ላይ አላውቅም። የእኛን የሴቶች እድር አናግሬያለሁ። ሰብሳቢዋ ሐሳቡን ወደውታል፣ አባላቱ ግን ተከፋፍለዋል። አንዳንዶቹ የሰው ቤት ገመና ነው አሉ። ሁለት ሴቶች ግን ከስብሰባው በኋላ ለብቻቸው ጠርተው የእህታቸውንና የአክስታቸውን ስም ነገሩኝ። ወረዳው ደግሞ ደብዳቤ አምጡ ብሏል፣ ደብዳቤው በማን ስም እንደሚጻፍ ገና እየተነጋገርን ነው።

እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛ እንዘረጋለን። የዘንድሮው ኅዳር 16 ላይ በእድራችን ድንኳን ሥር አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ቤተሰብ ፈቅዶ የሰጠን ፎቶና ስም፣ አበባ፣ ጧፍ። ንግግር የለም፣ ባነር የለም፣ ቲሸርት የለም። የሚመጣ ይምጣ።

ከእናንተ የምጠይቀው ደግሞ ይህ ነው። በዚያው ሳምንት ከገጻችሁ ግማሹን ስጡን። ማስታወቂያ ሳይገባበት። ቤተሰቦች ራሳቸው የሚልኩላችሁን ስም፣ ዕድሜና ስለ እሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር አውጡበት፤ ምን ዘፈን ትወድ እንደነበረ፣ እንጀራዋ ዓይኑ ያምር እንደነበረ፣ ሂሳብ ጎበዝ እንደነበረች፣ ምንም ይሁን። የላከው ሰው ቤተሰብ መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ያለዚያ አጭበርባሪም ቂመኛም ይገባበታል። ቦታ ከጠበበ የእኔን ደብዳቤ ቆራርጡት፣ አልቀየምም። ግማሽ ገጹን የምትፈቅዱ ከሆነ ግን እስከ ጥቅምት መጨረሻ አሳውቁን፣ ቤተሰቦቹ ፎቶ ፈልገው ለማምጣት ጊዜ ይፈልጋሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ